ከረጢቱ ላይ «ዶሮ» አንደኛ ተጽፏል፤ ታዲያ ዶሮው የት ገባ?

የሎሚ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ውሻዬ ሎሚ 4 ዓመቷ ነው፤ 10 ኪሎ ትመዝናለች። ከቡችላነቷ ጀምሮ ደረቅ ምግብ ነው የምትበላው። ትናንት ሥራ ፈትቼ የከረጢቱን ጀርባ ሳነብ አመሸሁ። መጀመሪያ «ትኩስ ዶሮ» ይላል። ቀጥሎ «የዶሮ ሥጋ ዱቄት»። ከዚያ በቆሎ፣ ሩዝ፣ የዶሮ ስብ፣ የሹገር ቢት አሰር፣ ከዚያ ወዲያ ምላስ የሚያስር የቫይታሚን ስም ሰልፍ። ታች ደግሞ «አመድ 7 በመቶ»። አመድ! ምን አቃጥለው ነው የጨመሩባት?

አላስችል ሲለኝ አንዷን ፍሬ በቢላ ለሁለት ከፈልኳት። ውስጧ እንደ ዳቦ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። የሥጋ ጭረት እንኳን የለም። ጣቴ ላይ ቅባት ቀረ፤ ሽታው በሳሙናም ቶሎ አልለቀቀኝም።

እና የሚያውቅ ሰው ካለ፦ ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚሠራው? ዶሮውስ የት ገባ?

ዝምተኛው 77

ዶሮው ፈርሞ ወጥቷል። እንደ እኛ መሥሪያ ቤት።

ፈረቃ ሌሊት

እህቴ፣ የጠየቅሽው የዕለት ሥራዬን ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። 11 ዓመት የውሻ ምግብ ፋብሪካ ውስጥ ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን በሌሊት ፈረቃ። የትኛው ፋብሪካ እንደሆነ አልናገርም፤ ማስታወቂያም ስድብም እንዳይሆንብኝ።

ዶሮው የት ገባ ላልሽው፣ ውሃውን ተከተይ። ይሄ ምግብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የውሃ ጉዳይ ነው።

ትኩስ ዶሮ ከክብደቱ 70 በመቶ ገደማ ውሃ ነው። ዝርዝሩ የሚጻፈው ደግሞ እያንዳንዱ ነገር ወደ ማደባለቂያው ሲገባ በነበረው ክብደት ነው፣ ከነውሃው። አሁን 20 ኪሎ ትኩስ ዶሮና 19 ኪሎ የዶሮ ሥጋ ዱቄት ገባ እንበል። ዶሮው በ1 ኪሎ በልጦ አንደኛ ተጻፈ። ሁሉም ከደረቀ በኋላ ግን ከዶሮው የሚቀረው 6 ኪሎ ገደማ ነው። ዱቄቱ ቀድሞ ደርቆ የመጣ ስለሆነ ከ19ኙ 18 ኪሎ ያህሉ አለ። ስለዚህ የሎሚን ፕሮቲን የተሸከመው ስሙ ሁለተኛ የተጻፈው ነው። ከረጢቱ አልዋሸም፤ አንቺም ግን እውነቱን አላወቅሽም።

የሥጋ ዱቄት ሲባል የሚያስፈራቸው ሰዎች አሉ። ሥጋውና አጥንቱ ተፈጭቶ በከፍተኛ ሙቀት ይበስላል፤ ውሃው ይተናል፣ ስቡ ይጨመቃል፣ የቀረው ይፈጫል። ጥሩው 65 በመቶ ገደማ ፕሮቲን አለው። መጥፎ ነገር አይደለም። መጥፎና ጥሩ የሚያደርገው የተሠራበት ጥሬ ዕቃ ነው።

አመዱን ማንም አልጨመረውም። ቤተ ሙከራ ውስጥ ናሙናው 550 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቃጠላል፤ ሳይቃጠል የሚቀረው ማዕድን ነው፣ በተለይ ካልሲየምና ፎስፈረስ። ያንን ነው «አመድ» የሚሉት። 7 በመቶ የተለመደ ነው። በጣም ሲበዛ ዱቄቱ ውስጥ አጥንት በዝቷል ማለት ሊሆን ይችላል።

ስለ አሠራሩ ማታ ሥራ ከመግባቴ በፊት እጽፋለሁ።

ጋሽ ታዛቢ

የአይጥ ምስክር ድንቢጥ! የፋብሪካው ሠራተኛ ስለ ፋብሪካው ሊመሰክር መጣ። ልጄ፣ ክፉ አትበለኝ። ግን የሞተ እንስሳ፣ ላባ፣ ጥፍር እየፈጩ «ዶሮ» ይላሉ ሲባል ስንት ዓመት ሰማሁ። እኔ ውሾቼን ከራሴ ማዕድ ነው የማበላቸው።

ፈረቃ ሌሊት

ጋሼ፣ ክፉ አልልዎትም። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ልመልስ።

በአሜሪካ የመኖ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር አለ፣ አፍኮ ይባላል። ብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች የእሱን ትርጉሞች ይጠቀማሉ። በእሱ ትርጉም «የዶሮ ተረፈ ምርት ዱቄት» ማለት አንገት፣ እግር፣ ገና ያላደገ እንቁላል፣ አንጀት ነው። ላባ አይፈቀድም፤ በጥሩ አሠራር ማስቀረት የማይቻለው ትንሽ ካልሆነ በቀር። ጉበትና ሳምባ ለእኛ አያምረን ይሆናል እንጂ ለውሻ ሥጋ ናቸው።

የእርስዎ ጥርጣሬ ግን ከመሬት የተነሣ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ኤፍ.ዲ.ኤ. እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው ምርመራ አለ። አንዳንድ ደረቅ የውሻ ምግብ ውስጥ በጣም ትንሽ መጠን ያለው ፔንቶባርቢታል ተገኘ። እንስሳ በሐኪም እጅ እንዲሞት ሲደረግ የሚወጋው መድኃኒት ነው። መጠኑ ውሻ ይጎዳል ተብሎ አልታሰበም፤ የውሻም የድመትም ዲኤንኤ አልተገኘም። ግን ጉዳዩ ጥሬ ዕቃው ከየት እንደመጣ ይጠቁማል። ስለዚህ እኔ ራሴ ስገዛ ስም የሌለውን እፈራለሁ። «የዶሮ ስብ» የሚለውን እወስዳለሁ። «የእንስሳት ስብ»፣ «የሥጋና የአጥንት ዱቄት» ብቻ ሲል የማን ሥጋ? የምን እንስሳ? ብዬ እተወዋለሁ።

ጋሽ ታዛቢ

እሺ። ቢያንስ አልሸሸህም። ቀጥል።

ፈረቃ ሌሊት

ቡናዬን ይዤ መጣሁ። በል እንግዲህ።

መጀመሪያ ደረቁ ነገር ሁሉ፣ እህሉም የሥጋው ዱቄትም፣ በመዶሻ ወፍጮ ይደቃል። ትልቅ በርሜል ውስጥ የሚሽከረከሩ ብረቶች ናቸው፤ እህሉን እየመቱ በወንፊት ያሳልፉታል። መድቀቁ ለይስሙላ አይደለም። አንድ ሻካራ ቅንጣት ካመለጠ በኋላ የመውጫውን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ያኔ ሌሊቱን ሙሉ ስትሰዳደብ ታድራለህ።

ከዚያ ማደባለቂያ ውስጥ ይገባል። ቫይታሚኑና ማዕድኑ ፕሪሚክስ ተብሎ በከረጢት ተመዝኖ ይመጣል። ከጠቅላላው ጥቂት መቶኛ ቢሆን ነው፤ እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ደረቅ ምግብ ከገበያ የተሰበሰበው ቫይታሚን ዲ ከልክ በላይ ገብቶ ነው። ቫይታሚን ዲ ሲበዛ ካልሲየም ደም ውስጥ ይከማቻል፣ ኩላሊት ይጎዳል።

ቀጥሎ ቅድመ ማብሰያ። እዚህ እንፋሎትና ውሃ ይገባል። ደርቆ የመጣውን እንደገና እናርሰዋለን። ትኩስ ሥጋም ካለ ተፈጭቶ እዚህ ይቀላቀላል። ዱቄቱ 90 ዲግሪ አካባቢ ደርሶ እርጥብ አሸዋ ይመስላል።

ከዚያ ኤክስትሩደር። ሥጋ መፍጫ ታውቃላችሁ? እሱን አስቡ፤ ግን ርዝመቱ ከሰው የበለጠ፣ ግድግዳው ወፍራም ብረት። በውስጡ ብሎን የመሰለ ዘንግ እየዞረ ሊጡን ወደፊት ይገፋል፣ ያሻል፣ ይጨምቃል። ሙቀቱ ከ120 እስከ 150 ዲግሪ ይደርሳል። ግፊቱ 30 ባር አካባቢ ነው፤ የመኪና ጎማ ውስጥ ካለው ከ10 እጥፍ በላይ። ሊጡ እዚያ ውስጥ 1 ደቂቃ እንኳን አይቆይም።

ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል አይደል? እዚያ ግን ግፊቱ ስለያዘው በ130 ዲግሪም ፈሳሽ እንደሆነ ይቆያል። ሊጡ በመጨረሻው ሰሌዳ ቀዳዳዎች ሲወጣ ግፊቱ በአንዴ ይጠፋል። ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፤ ሊጡን እየነፋ ያመልጣል። ፈንዲሻ የሚፈነዳውም በዚሁ ምክንያት ነው። እህቴ፣ በቢላ ከፍለሽ ያየሽው ቀዳዳ ሁሉ ውሃው የሸሸበት መንገድ ነው።

ሰሌዳው ፊት ለፊት ስለት ይዞራል። ስለቱ በፈጠነ ቁጥር ፍሬው ይሳሳል። ድምፁ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ነው። ከ11 ዓመት በኋላ ስክሪኑን ሳላይ በድምፁ ብቻ የሆነ ነገር እንደተበላሸ አውቃለሁ።

አንድ ሌሊት የሆነውን ልንገራችሁ። በድንገት በረዶው ቆመና ጠጠር የሚወርድ መሰለ። ሮጥኩ። የሚወጣው ፍሬ ጠፍጣፋ፣ ጥቁር፣ እንደ ድንጋይ ከባድ ነው። በእጄ ልሰብረው ብል አቃተኝ። ለካ የዶሮው ዱቄት ሲመጣ ስቡ በደንብ አልተጨመቀም ነበር። ስብ በበርሜሉ ውስጥ እንደ ሳሙና ነው፤ ሊጡን ያንሸራትተዋል፣ አይታሽም፣ አይሞቅም፣ አይነፋም። ሁለት ቶን ገደማ ጣልን። አለቃዬ ያን ሌሊት የተናገረውን እዚህ አልጽፍም።

ሁለት ቡችሎች

ወንድሜ፣ ስብ ካላስነፋው ታዲያ 14 እና 18 በመቶ ስብ ያለው እንዴት ይሠራል?

ፈረቃ ሌሊት

ጎበዝ። ስቡ በኋላ ነው የሚቀባው።

ከኤክስትሩደር የወጣው ፍሬ ገና ለስላሳ ነው፤ 25 በመቶ ገደማ ውሃ አለበት። እንዲህ ከታሸገ በጥቂት ቀን ይሻግታል። በብረት መረብ ላይ ተዘርግቶ በሙቅ አየር ውስጥ ቀስ ብሎ ያልፋል፤ ውሃው ከ10 በመቶ በታች እስኪወርድ። ማድረቂያው የማይወራለት ማሽን ነው። አብዛኛውን ጣጣ የምንከላከልበት ግን እሱ ነው። ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ከቀረ እርጥበቱ ከረጢቱ ውስጥ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ሻጋታውም ይከተላል።

ከዚያ ወደ መቀቢያው። የደረቀው ፍሬ ትልቅ ገንዳ ውስጥ ይገባና አየሩ በፓምፕ ይመጠጣል። ቀዳዳዎቹ ባዶ ይሆናሉ። ሞቅ ያለ ስብ ይረጫል፤ ከዚያ አየሩ ሲለቀቅ ስቡን ወደ ቀዳዳዎቹ ይነዳዋል። ከላይ ደግሞ ማጣፈጫው ይቀባል። ብዙውን ጊዜ ጉበትና ሌላ የሆድ ዕቃ በኢንዛይም ተሟሙቶ የተሠራ ፈሳሽ ወይም ዱቄት ነው። ሎሚ ከረጢቱ ሲንኮሻኮሽ የምትሮጠው ለእሱ ነው። ያለ እሱ ፍሬው ለውሻም ካርቶን ነው።

የእጅሽ ሽታ አልለቅ አለ ላልሽው፣ አይዞሽ። እኔ ቤት ስገባ ውሻዬ እኔን አልፎ ጃኬቴን ነው የሚቀበለው።

ከዚያ ይቀዘቅዛል፣ ይታሸጋል። በቃ።

አወያይ

ክሩን (ይህን ውይይት) ከላይ ሰክቼዋለሁ። አንድ ማሳሰቢያ፦ «የእገሌ ብራንድ ይሻላል» የሚል ጭቅጭቅ ሌላ ቦታ አለላችሁ። እዚህ አይደለም።

ቬት በመንገድ ላይ

የመጨረሻ ዓመት የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነኝ። ፈረቃ ሌሊት፣ እጅህ ይባረክ። ትንሽ ልጨምር።

ያ ሁሉ ሙቀት ዋጋ ያስከፍላል። ጥሬ ስታርች (የእህሉ ዋና ክፍል) ለውሻ ሆድ ይከብዳል፤ ሙቀቱና ውሃው ያበስለዋል፣ ይህ ጥቅሙ ነው። ሳልሞኔላንም ይገድላል። ግን ቫይታሚን ኤ እና ቢ1ን ያጠፋል፤ ላይሲን የሚባለውንም አሚኖ አሲድ ከስኳር ጋር አጣብቆ በከፊል ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል። ለዚህ ነው ፋብሪካዎች ቫይታሚኑን የሚጠፋውን አስልተው አብዝተው የሚጨምሩት። የሎሚ እናት፣ ያ ምላስ የሚያስር የስም ሰልፍ ጌጥ አይደለም። እሱ ባይኖር ምግቡ ሙሉ አይሆንም።

ሙቀት የማያጠፋውም አለ። በቆሎ ሲሻግት የሚፈጠረው አፍላቶክሲን በ150 ዲግሪም አብዛኛው አይጠፋም። ጉበት ነው የሚበላው። ስለዚህ መከላከያው እህሉ ወደ ፋብሪካው ከመግባቱ በፊት መመርመሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለቤት እንስሳት ምግብ ገደቡ በቢሊዮን 20 እጅ ነው።

ፈረቃ ሌሊት

እውነት ነው። የበቆሎ መኪና በር ላይ ሲቆም ከተለያየ ቦታ በረጅም ቱቦ ናሙና እንወስዳለን። ከላይ ብቻ የዘገነ ሰው ራሱን ነው የሚያታልለው። ሻጋታ መኪናው ሙሉ እኩል አይበተንም፤ አንድ ጥግ ላይ ይቀመጣል።

ጋሽ ታዛቢ

በቆሎ ለውሻ! ውሻ የተኩላ ዘር ነው። እህል ምን ሊሠራለት? እህል የሌለበት ምግብ የሚባለው አሁን የመጣው ለዚህ አይደለም እንዴ?

ቬት በመንገድ ላይ

ጋሼ፣ ዘሩ ተኩላ ነው፤ ሆዱ ግን ከሰው ጋር ሲኖር ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2013 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ። ስታርች የሚፈጨውን ኢንዛይም የሚያዘው ዘረ መል ተኩላ ላይ 2 ቅጂ ነው፤ አብዛኛው ውሻ ላይ ግን ብዙ እጥፍ። ውሻ የበሰለ እህል በደንብ ይፈጫል።

እህል የለሽ የሚሉትም ቢሆን አልሸሹም ዞር አሉ ነው። በቆሎውን አውጥተው አተር፣ ምስር፣ ድንች ያስገባሉ።

ፈረቃ ሌሊት

ግድ ስለሆነ ነው። ያለ ስታርች ይሄ ፍሬ አይያያዝም፣ አይነፋም። እህል የለሽ ማለት ስታርች የለሽ ማለት አይደለም።

አተሩ ላይ ደግሞ አንድ ዘዴ አለ፤ አንብባችሁ ተጠንቀቁ። «አተር፣ የአተር ዱቄት፣ የአተር ፕሮቲን፣ የአተር ፋይበር» ብለው አራት ቦታ ይጽፉታል። እያንዳንዱ ትንሽ ስለሚመዝን ከዶሮው በታች ይሰለፋል። አንድ ላይ ብትደምራቸው ዶሮውን ሊበልጡት ይችላሉ።

ቬት በመንገድ ላይ

እና የልብ ጉዳይ። ኤፍ.ዲ.ኤ. እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር፤ ጥራጥሬ ወይም ድንች የበዛበትን ምግብ ከሚበሉ ውሾች አንዳንዶቹ ላይ የልብ ጡንቻ መሳሳት ስለተመዘገበ። በ2022 መጨረሻ ላይ ምክንያቱ ምግቡ ነው ለማለት መረጃው አይበቃም አለ። ተከሰሰ፣ ፍርድ ግን አላገኘም። እኔ ያለ ምክንያት ከእህል አልሸሽም። የእህል አለርጂ ውሾች ላይ ብዙ ሰው ከሚያስበው ያነሰ ነው። የበሬ ሥጋ፣ የወተት ተዋጽኦና ዶሮ ናቸው በብዛት የሚከሰሱት።

ሁለት ቡችሎች

የእኔ ሁለቱ ቡችሎች ሲያድጉ ከ35 ኪሎ በላይ ይሆናሉ። አንድ ጓደኛዬ አጥንታቸው እንዲጠነክር የካልሲየም ዱቄት ጨምርበት አለኝ። ላድርገው?

ቬት በመንገድ ላይ

አታድርግ። በፍጹም። ትልቅ ዝርያ ቡችላ ካልሲየም ሲበዛበት አንጀቱ እምቢ ማለት አይችልም፤ ሁሉንም ይስበዋል። አጥንቱና መገጣጠሚያው ተጣሞ ያድጋል። በአፍኮ መመዘኛ ትልቅ ዝርያ ለሚያድግበት ምግብ የካልሲየም ጣሪያው ከደረቁ ክፍል 1.8 በመቶ ነው። ከረጢቱ ላይ «ለዕድገት፣ ትልልቅ ውሾችን ጨምሮ» የሚል ፈልግ። ያ ካለ ምንም አትጨምርበት።

የሎሚ እናት

ክሩ ከእጄ አመለጠ፤ ግን ደስ ብሎኛል :)

ሌላ ግራ የገባኝ። የሎሚ ደረቅ ምግብ ፕሮቲን 26 በመቶ ይላል። አልፎ አልፎ የምሰጣት የቆርቆሮ ምግብ 9 በመቶ ይላል። የቆርቆሮው ሥጋ ሥጋ ይሸታል። እንዴት ያንሳል?

ፈረቃ ሌሊት

ውሃውን ተከተይ ብዬሽ አልነበር!

ደረቁ 10 በመቶ ውሃ አለው። ስለዚህ ከ100 ግራም ውስጥ ምግብ የሆነው 90ው ነው። 26ን ለ90 አካፍይ፤ 29 በመቶ ገደማ። ቆርቆሮው 78 በመቶ ውሃ ነው፤ ምግቡ 22ቱ ብቻ። 9ን ለ22 አካፍይ፤ 41 በመቶ ገደማ። ቆርቆሮው በለጠ። ውሃውን ሳታወጪ ሁለቱን ማወዳደር የደረቀና የታጠበ ልብስ እንደመመዘን ነው።

ብዙ ቦታ የማይጻፍልሽን ስታርችም እንዲሁ ታገኚዋለሽ። ፕሮቲን 26፣ ስብ 14፣ ውሃ 10፣ አመድ 7፣ ፋይበር 3። ድምሩ 60። ከ100 ስትቀንሽ 40 ቀረ። ያ ስታርቹና ስኳሩ ነው። አንቺ ተቆጣሽበት እንጂ አመዱ ለዚህ ይጠቅማል።

ቬት በመንገድ ላይ

ፕሮቲን የሚለው ቁጥር ራሱ ግን በቀጥታ ፕሮቲን ተመዝኖ አይደለም። ናይትሮጅን ይለካና በ6.25 ይባዛል። እ.ኤ.አ. በ2007 የደረሰው ጥፋት ከዚህ ክፍተት ነው የገባው። ከቻይና የመጣ የስንዴ ግሉተን ውስጥ ሜላሚን ተጨምሮበት ነበር፤ ፕላስቲክ የሚሠራበት ኬሚካል ነው። ናይትሮጅን ስለሞላበት መለኪያው ላይ ጥሩ ፕሮቲን መሰለ። ሲያኑሪክ አሲድ ከሚባል ዘመዱ ጋር ኩላሊት ውስጥ ክሪስታል እየሠራ ብዙ ውሻና ድመት ገደለ። በብዛት የተጎዱት እርጥብ ምግብ የበሉት ነበሩ። መምህራችን ይሄን ሲያስተምረን «ቁጥሩን ሳይሆን ቁጥሩ እንዴት እንደተገኘ ጠይቁ» ይለን ነበር።

ጋሽ ታዛቢ

እንግዲህ እኔ ስል የነበረውስ ምን ነበር!

ቬት በመንገድ ላይ

ጋሼ፣ አጥፍተዋል አላልኩም። ግን ከማዕድ ማካፈሉም የራሱ ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች 200 የቤት ውስጥ የውሻ ምግብ አሠራሮችን መርምረው ነበር። 95 በመቶው ቢያንስ አንድ አስፈላጊ ንጥረ ነገር ይጎድለው ነበር፤ ከአሠራሮቹም በእንስሳት ሐኪሞች የተጻፉ ነበሩባቸው። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘቢብ፣ ቸኮሌት ደግሞ መርዝ ናቸው። ሽንኩርቱ ቢበስልም ያው ነው።

ጋሽ ታዛቢ

ሽንኩርት የበሰለውም?

ቬት በመንገድ ላይ

የበሰለውም። ቀይ የደም ሕዋስን ያፈርሳል።

ጋሽ ታዛቢ

ይሄን አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ ልጄ።

ዝምተኛው 77

እኔ የምለው፣ መጀመሪያ ይሄን ነገር ያሰበው ማነው? ውሻ እኮ ሺህ ዓመት ትርፍራፊ ሲበላ ኖሯል።

ፈረቃ ሌሊት

ጄምስ ስፕራት የሚባል አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ አካባቢ የመብረቅ መከላከያ ዘንግ ሊሸጥ ለንደን ሄደ። እንደሚተረከው፣ ወደብ ላይ ውሾች መርከበኞች የጣሉትን ደረቅ ብስኩት ሲሻሙ አይቶ ነው ሐሳቡ የመጣለት። ስንዴ፣ አትክልትና የደረቀ ሥጋ ለውሶ የውሻ ብስኩት ጋገረ፤ በጌቶች አዳኝ ውሾች ሀብታም ሆነ። ድርጅቱ ውስጥ የሠራው ቻርልስ ክራፍት ነው በኋላ ትልቁን የውሻ ትርኢት የመሠረተው።

ከዚያ የቆርቆሮ ምግብ ዘመን መጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ቆርቆሮውን ለጦርነት ስትፈልገው ደረቁ እንደገና ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1957 ፑሪና የሚባለው ድርጅት የቁርስ ሴሪያል ይሠራበት በነበረ ኤክስትሩደር የተነፋ የውሻ ምግብ ለገበያ አወጣ። እኔ የምሠራበት ማሽን የዚያ የልጅ ልጅ ነው። የቁርስ ሴሪያልና የሎሚ ምግብ የአንድ እናት ልጆች ናቸው ማለት ነው።

ሁለት ቡችሎች

ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ ፍሬ የተቀላቀለበትስ? አረንጓዴው አትክልት ነው?

ፈረቃ ሌሊት

ቀለም ነው። ለአንተ ነው የተቀባው። ውሻ ቀይና አረንጓዴውን ለይቶ አያይም። ቅርጹም ያው ነው፤ አጥንት፣ ልብ፣ ኮከብ፣ ሁሉም ከአንድ ሊጥ፤ የመውጫው ቀዳዳ ነው የሚለያየው።

የሎሚ እናት

ጥርስ ያጸዳል የሚባለውስ? እኔ የገዛሁት ለዚያ ነበር።

ቬት በመንገድ ላይ

ተራው አያጸዳም። ጥርሱ ጫፍ ሲነካው ፍሬው ይሰነጠቃል፤ ድድ አካባቢ ያለው ቆሻሻ ጋ አይደርስም። ለጥርስ ተብሎ የሚሠራው ፍሬ ትልቅ ነው፤ ጥርስ ሳይሰብረው ሰንጥቆ እንዲገባ ሆኖ ነው የሚዘጋጀው። የእኔ ምክር ብሩሽ ነው፣ የውሻ የጥርስ ሳሙና ይዘሽ። የሰውን እንዳትጠቀሚ።

የሎሚ እናት

ማስቀመጡስ? 15 ኪሎውን ከረጢት ቤት ሳደርስ ወደ ፕላስቲክ በርሜል እገለብጠዋለሁ። ለሎሚ 2 ወር ይቆያል።

ፈረቃ ሌሊት

ወይ ጉድ። 2 ወር?

ስቡ ቀዳዳ ውስጥ ገብቷል ብያለሁ፤ ላዩም ላይ አለ። ከረጢቱ ከተከፈተ ጀምሮ ከአየር ጋር ይገናኛል፤ ይበላሻል። ቫይታሚን ኢ ወይም የሮዝመሪ ጭማቂ፣ ወይም ቢ.ኤች.ኤ. የመሰሉ ማቆያዎች ይጨመራሉ፣ ግን ጊዜ ይገዛሉ እንጂ አያቆሙትም። ተከፍቶ ከ6 ሳምንት ባይበልጥ ጥሩ ነው። አነስተኛ ከረጢት ግዢ።

በርሜሉ ውስጥ ሲገለበጥ ደግሞ የድሮው ስብ ግድግዳው ላይ ይቀራል፤ የሚቀጥለውን ያበላሻል። ከረጢቱን እንዳለ በርሜሉ ውስጥ አስቀምጪው። ከረጢቱ ውስጡ የተሠራው ስቡን እንዲይዝ ነው። ሌላው ጥቅሙ፣ ምግቡ ከገበያ ይሰብሰብ ከተባለ የምርት ቁጥሩ እጅሽ ላይ ነው። ስንት ሰው ይደውልልናል፣ ከረጢቱን ጥሎ። ምን እንበለው?

ሰፍረሽ ከሰጠሽ በኋላም እጅሽን ታጠቢ። ማብሰያው ባክቴሪያውን ቢገድልም ስቡ የሚቀባው ከዚያ በኋላ ስለሆነ እዚያ ሊበከል ይችላል።

ቬት በመንገድ ላይ

ስንት ነው የምትሰፍሪላት?

የሎሚ እናት

ጠዋት አንድ ኩባያ፣ ማታ አንድ ኩባያ። ሞላ አድርጌ።

ቬት በመንገድ ላይ

መጀመሪያ በሚዛን መዝኚው። ከዚያ ከረጢቱ ላይ የካሎሪውን ቁጥር ፈልጊ። 10 ኪሎ የምትመዝን ውሻ ተኝታ ብቻ ብትውል ወደ 394 ኪሎ ካሎሪ ያስፈልጋታል። ማኅፀኗ የወጣ አዋቂ ከሆነች መነሻው በ1.6 ይባዛል፤ 630 አካባቢ። ምግቡ በግራም 3.5 ኪሎ ካሎሪ ከሆነ በቀን 180 ግራም ነው። መነሻ ነው፤ ወገቧን እያየሽ ታስተካክያለሽ።

የሎሚ እናት

መዘንኩት። እውነቱን ልናገር? ሁለቱ ኩባያ 243 ግራም ሆነ። አምስት ጊዜ ሰፍሬ አምስቱም ተለያየ። ለካ «ትንሽ ወፈረች፣ ቆንጆ ሆነች» ስል የነበረው ይሄ ነው። ከነገ ጀምሮ በሚዛን ነው።

በርሜሉንም አጠብኩት። ግድግዳው ቢጫ ሆኖ ያጣብቅ ነበር። ሽታው የቆየ ዘይት። ለካ ከሥር ያለው ላይ ስንደርስ ሎሚ ስትኮራ የነበረው ለዚህ ነው። እኔ ቀበጠች ብዬ ተቆጥቻት ነበር።

ቬት በመንገድ ላይ

በአንዴ ወደ 180 አታውርጂባት፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ እያልሽ። ምግብ ከቀየርሽም አዲሱን ከአሮጌው ጋር እየቀላቀልሽ በ7 ቀን ውስጥ ይሁን፤ አለበለዚያ ሆዷ ይላላል።

ዝምተኛው 77

ፈረቃ ሌሊት፣ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ። ቀምሰኸው ታውቃለህ?

ፈረቃ ሌሊት

አዎ። በተቀጠርኩ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ተወራርደን። ጨው የለውም ማለት ይቻላል። ካርቶን ላይ ጉበት እንደነካኩበት ነው። ውሃ ጠጥቼም እስኪነጋ አልለቀቀኝም።

ጋሽ ታዛቢ

ከተናገርከው ሁሉ ይሄን ያለ ምስክር አምኜሃለሁ።